የጋሽ ጎል ዘበኛ

እናቴ በአባቴ መሥሪያ ቤት ‹‹ዘበኛዋ›› ነበር የምትባለው።

ይህን የሰማሁት ከአክስቴ ነው። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ወሬ እሷ ዘንድ አያድርም፤ ትኩስ ትኩሱን ታቀርበዋለች። አንድ ቅዳሜ ፀጉሬን እየሠራችኝ ለጎረቤቷ፣ ‹‹ወንድሜ እኮ ሥራ ቦታ እንኳ አላረፈም። እሷ አጠገቡ ተጎልታ፣ ጉልበቱን ጨብጣ ነው የምትውለው። ‘ዘበኛዋ መጣች’ ነው አሉ የሚሏት›› አለቻት።

‹‹ኳስ ሜዳ ላይ ደግሞ ማን ይወስድባታል?›› አለች ጎረቤቷ።

‹‹እሱን እሷን ጠይቂያት። ቅናት መቼ ምክንያት ይፈልጋል!››

ጭንቅላቴ በአክስቴ ጉልበቶች መካከል ተይዞ ስለነበር ፊቴን ያየው የለም። ገና ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የሰማሁትን እንዳለ ዋጥኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ አባቴን የምትጠብቅ፣ አባቴም አንድ ቀን ሰልችቶት ጥሎን የሚሄድ ሰው ሆኖ ታየኝ። ልብሱን ስታጥፍ ባየሁ ቁጥር ሻንጣ የምታዘጋጅለት እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር።

አባቴ የእግር ኳስ ጨዋታ በቴሌቪዥን የሚያስተላልፍ ሰው ነበር። የሰፈር ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙት ‹‹ጋሽ ጎል! ጋሽ ጎል!›› እያሉ ይከተሉታል። ካልቸኮለ ቆም ይልና አንገቱን ወደ ኋላ ቀልሶ አንድ ረጅም ‹‹ጎ-ኦ-ኦ-ኦ-ል!›› ይለቅላቸዋል። ያን ጊዜ ከየበሩ ሰው ብቅ ይላል፣ ውሾች ይጮኻሉ፣ እኔም የሱ ልጅ መሆኔ እንዲታወቅ እጁን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ።

ማይክሮፎን መጀመሪያ የጨበጠው አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ነው። ሥራው የሚወጡና የሚገቡትን አውቶቡሶች በድምፅ ማጉያ መጥራት ነበር። ነገር ግን ዝም ብሎ መጥራት አይሆንለትም። ሁለት ሾፌሮች በሩ ላይ ሲሽቀዳደሙ ካየ፣ ‹‹ጥጉን ይዞ መጣ፣ ያኛው አልለቅም አለ፣ ተጠጋው፣ ተጠጋው፣ አለፈው!›› እያለ ሻንጣው ላይ የተቀመጠውን ተሳፋሪ ያስቀዋል። የስታዲየም አስተዳዳሪ አውቶቡስ ሲጠብቅ ሰማውና ወሰደው። ስታዲየም ውስጥ የተሰላፊዎችን ስምና የጠፉ ልጆችን ይጠራ ነበር። የሬዲዮው አስተላላፊ ጉንፋን ይዞት ድምፁ የተዘጋ ዕለት ደግሞ፣ ‹‹ያ ልጅ እስቲ ይሞክር›› ተባለ። በዚያው ቀረ። ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ። እሱ ታሪኩን ሲያወራ፣ ‹‹እኔ እዚህ የደረስኩት በአውቶቡስ ነው›› ብሎ ያሳጥረዋል።

እናቴ ያን ጊዜ በስታዲየሙ የቲኬት መስኮት ትሠራ ነበር። እንዴት እንደተዋወቁ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚወራ የቤታችን ቀልድ ነው። አባቴ መስኮቱ ላይ ተደግፎ፣ ‹‹ይህ አረንጓዴ ቀሚስ እንዴት ያምርብሻል!›› አላት። ቀሚሱ ቀይ ነበር። እንግዶቹ ይስቃሉ፣ እናቴም ትስቃለች፣ አባቴ ‹‹እኔ ቀሚሱን መች አየሁ፣ ፊቷን እንጂ!›› ይላል፣ ሳቁ ይደገማል። እኔም ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። የገባኝ ነገር ቢኖር ወንዶች ሲያሞግሱ በደንብ እንደማያዩ ነው።

ቤት ውስጥ የእናቴን ዘበኝነት የሚያረጋግጥ ነገር አልጠፋም። ክራቫቱን የምትመርጠው እሷ ናት። ካልሲዎቹን ጥንድ ጥንዱን እርስ በርስ ጠቅልላ ታስቀምጣለች፤ እንዲያውም በአንዳንዶቹ ጫፍ ላይ ክር ትቋጥራለች። አክስቴ ይህን አይታ፣ ‹‹ካልሲውን እንኳ መምረጥ አትተውለትም፣ ወይ ዘመን!›› ብላለች። ገበያም አትልከውም። አንድ ጊዜ ሄዶ ያልበሰለ ቲማቲም ዘንቢል ሙሉ ይዞ መጥቶ፣ ‹‹ጥሬውን ለሌላ መሸጥ አቅቶት ለጋሽ ጎል ሸጠለት›› ተብሎ ተሳቀበት። እኔን ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ደግሞ የትራፊክ መብራት ጋ ስንደርስ መብራቱን ሳይሆን የሰዉን እግር ያያል። እግሮቹ ሲንቀሳቀሱ እንሻገራለን። ‹‹ብቻሽን ስትሄጂም ሰው ሲሻገር ተሻገሪ›› ይለኛል። ምክር መስሎኝ ነበር።

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ቴሌቪዥናችን ነበር። ያኔ ባለቀለም ቴሌቪዥን መጥቶ ጎረቤቱ ሁሉ ገዝቷል። አክስቴ ቤት ሳይቀር ትልቁ ሣጥን በዳንቴል ተሸፍኖ ተቀምጧል። እኛ፣ የቴሌቪዥኑ ሰው ቤተሰቦች፣ አሁንም ግራጫ ሰዎች ግራጫ ሣር ላይ ሲሮጡ እናያለን። ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ አኮረፍኩ።

‹‹ቀለሙ ሥራ ቦታ ይበቃኛል የኔ ልጅ›› አለኝ። ‹‹ቤቴ ገብቼ እንኳ ልረፍበት።››

ገንዘብ ሰስቶ ነው ብዬ ለጓደኞቼ ተናገርኩ።

እሱ በሚያርፍባቸው ቀናት አንድ ደስ የሚል ጨዋታ ነበረን። ኮሪደሩ ላይ ይሮጥና፣ ‹‹ይሄ ማነው?›› ይለኛል። አንዱን ተጫዋች ጫማው እንደጠበበው ሰው እየረገጠ፣ ሌላውን ትከሻውን እየሰበቀ፣ ሌላውን ደግሞ ነገር እንደረሳ ወደ ኋላ እየተገላመጠ ያመጣዋል። እኔ ስማቸውን እጠራለሁ። ከተሳሳትኩ እንደገና ይሮጣል። የቡድኖቹን ልምምድም ዝናብ ሳይል ሄዶ ያያል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያው ሰዎች ‹‹እሱ ተጫዋች በጀርባው ያውቃል›› እያሉ ለጀማሪዎች ምሳሌ ያደርጉት ነበር። እኔን ለማሳቅ የሚሮጥ ነበር የመሰለኝ።

አንድ ጊዜ የሚሠራበትን ክፍል አይቻለሁ። እናቴ እኔን የሚጠብቅላት ሰው ስላጣች ይዛኝ ሄዳ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠችኝ። ከስታዲየሙ ጣሪያ ሥር ያለች፣ መስታወቷ ወደ ሜዳው የሆነ፣ የጋለ ሽቦ የምትሸት ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን፣ ስፖንጅ የለበሰ ማይክሮፎን። ከኋላ የድምፅ ሠራተኛው ቁልፎቹን ይነካካል። አባቴ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ይጮኻል። እናቴ አንድ ቃል አትተነፍስም፤ ዓይኗን ከሜዳው ላይ አትነቅልም፤ እጇ ብቻ ከጠረጴዛው ሥር የአባቴ ጉልበት ላይ ነው። ታሳርፈዋለች፣ ታነሣዋለች፣ መልሳ ታሳርፈዋለች። የሚያመልጣት በግ የያዘች ትመስል ነበር። የድምፅ ሠራተኛው አየኝና ጠቀሰኝ። አክስቴ እውነቷን ነው አልኩ በልቤ።

በቅርቡ የልጄ አስተማሪ አስጠራችኝ። ልጄ ዛፍ ሲስል ግንዱን አረንጓዴ፣ ቅጠሉን ቡናማ አድርጎታል፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁልጊዜ። ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ በባለቀለም ነጠብጣብ የተሞሉ ሥዕሎች እያሳየች ‹‹እዚህ ውስጥ ምን ቁጥር ይታይሃል?›› ትለዋለች፤ እሱ እኔን ያያል። ለኔ ቁጥሩ እንደ ፀሐይ ደምቆ ይታየኛል።

‹‹አትደንግጪ›› አለችኝ ሐኪሟ። ‹‹በሽታ አይደለም። ቀይና አረንጓዴ ይቀላቀሉበታል እንጂ ዓይኑ ጤነኛ ነው። በእናት በኩል ነው የሚወረሰው፤ ሴቶቹ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። አባትሽ እንዲህ ያደርጋቸው ነበር?››

‹‹ኧረ አባቴ በቴሌቪዥን ኳስ አስተላላፊ ነበር›› አልኳት፣ እንደ ማስተባበያ።

የክሊኒኩን ደረጃ ስንወርድ፣ በየእርከኑ ላይ አንድ አንድ ነገር ጠበቀኝ። ቀዩ ቀሚስ። ቲማቲሙ። ካልሲዎቹ ጫፍ ላይ የተቋጠረው ክር። የሚሻገረው ሰው እግር። ታችኛው እርከን ላይ ስደርስ ቁጭ አልኩ፤ ልጄም አጠገቤ ቁጭ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ በጥቁርና ነጭ በሚያይበት ዘመን አባቴ ከማንም አያንስም ነበር። ግራጫው ላይ ቀይና አረንጓዴ ለማንም ስለማይለዩ፣ ጨዋታ የሚተላለፍ ከሆነ አንዱ ቡድን ነጣ ያለ፣ ሌላው ጠቆር ያለ ማሊያ እንዲለብስ ይታዘዝ ነበር። ባለቀለሙ ሲመጣ ያ ትእዛዝ ቀረ። ‹‹ከእንግዲህ ሁሉም የገዛ ቀለሙን ይልበስ›› ተባለ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። አባቴና እናቴ ያን ቀን ምን እንደተባባሉ አላውቅም። የማውቀው፣ እናቴ የቲኬት መስኮቷን ትታ አጠገቡ መቀመጥ የጀመረችው ያኔ መሆኑን ነው። ቀለም የማይለይ የቴሌቪዥን ኳስ አስተላላፊ ማን ያሠራዋል? ሚስቱ የምትቀናበት አስተላላፊ ግን ቢሳቅበት እንጂ አይባረርም።

በልጅነቴ ግን ይህ ሁሉ የለም። ያለው አንድ ነገር ነው፤ አዲስ ኃላፊ መጣ። ሰውየው ሥርዓት ወዳድ ነው ተባለ። መጥቶ ብዙም ሳይቆይ፣ ‹‹ከሠራተኛ በቀር ማንም የማስተላለፊያው ክፍል ድርሽ እንዳይል፤ ሚስትም ብትሆን›› ብሎ አዘዘ። አባቴ ይህን ሲነግራት እናቴ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን ቀጥ አድርጋ አቆመች። እኔ ደስ አለኝ። አባቴ ነፃ ወጣ፤ ነፃ የወጣ ሰው ደግሞ ጥሎ አይሄድም ብዬ አሰብኩ።

‹‹የዋንጫው ነው እኮ›› አለ አባቴ። ‹‹ቀዮቹና አረንጓዴዎቹ።››

‹‹አሯሯጣቸውን ታውቀው የለ›› አለች። ‹‹የሁሉንም ታውቀዋለህ።››

የጨዋታው ቀን ጠዋት ክራቫቱን አሰረችለት። አንድ ነገር በጆሮው አለችውና ሁለቱም ሳቁ። እሱ ወጣ፤ እኛ ወደ አክስቴ ቤት ሄድን። እናቴ አክስቴ ቤት ቴሌቪዥን ለማየት ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው። ለምን የቤታችንን እንደተወችው አልጠየቅሁም፤ ባለቀለሙን ላየው ነው ብዬ ከፊት ከፊቷ ሮጥኩ።

አክስቴ ዳንቴሉን ገልጣ ከፈተችው። ሣሩ አረንጓዴ፣ አንዱ ቡድን ቀይ፣ ሌላው ከሣሩ ጠቆር ያለ አረንጓዴ። እናቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ አጠገቧ። የአባቴ ድምፅ መጣ። ወዲያው የእናቴ እጅ የኔ ጉልበት ላይ አረፈ።

ታሳርፈዋለች፣ ታነሣዋለች። አንዳንዴ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል፣ አንዳንዴ ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል። በቅናት እየተቃጠለች መሰለኝ፤ ዛሬ አጠገቡ ሌላ ሴት ተቀምጣ ትሆናለች ብላ። አሁን መልሼ ሳስበው ነው ቅጥ ያገኘሁለት። ቀዮቹ ኳስ ሲይዙ እጇ ያርፋል፤ አረንጓዴዎቹ ሲነጥቁ ይነሣል። የለመደ እጅ ነው፤ ሰውየው በሌለበትም ሥራውን ቀጠለ።

የአባቴ ድምፅ እንደወትሮው አልነበረም። የሚያውቃቸውን ተጫዋቾች በስማቸው ይጠራል፣ በመሃል ግን ሜዳው ሲተራመስ ስሞቹ ይጠፉና፣ ‹‹ኳሷ ወደ ግራ ሄደች... ኳሷ ተመለሰች... ኳሷ አሁን አደገኛ ቦታ ላይ ናት...›› ማለት ይጀምራል።

‹‹ምን ሆኗል ዛሬ?›› አለች አክስቴ። ‹‹ኳሷ ባለቤት የላትም እንዴ?››

‹‹እትዬ፣ እስቲ እንስማበት›› አለች እናቴ። ለአክስቴ እንዲህ ኮስተር ብላ ስትመልስ ሰምቼ አላውቅም። አክስቴም ሰምታ የምታውቅ አልመሰለኝም።

እንደዚያ እየተባለ እስከ መጨረሻው ተደረሰ። ሊያልቅ ሲል ሁለት ተጫዋቾች ተጋጭተው ወደቁ። ከሁለቱም ቡድን ተቀያሪ ገባ። ሁለቱም አዲስ ልጆች፣ ሁለቱም ረጃጅም፣ አሯሯጣቸውን አባቴ አንድ ቀን እንኳ አይቶ የማያውቅ። ‹‹ተቀያሪዎች ገብተዋል›› አለ፤ ሌላ አልጨመረም። እናቴ ከሶፋው ላይ ተነሣች፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

የማዕዘን ምት ነበር። በጎሉ ፊት ሰው በሰው ላይ ሆነ። አንድ ረጅም ልጅ ከመሃል ብድግ ብሎ በግንባሩ ሲመታት መረቡ ተወጠረ፤ የእናቴ ጣቶች ሥጋዬ ውስጥ እስኪገቡ ጉልበቴ ላይ ተጫኑ።

‹‹ጎ-ኦ-ኦ-ኦ-ል!›› አለ አባቴ። ‹‹አረንጓዴዎቹ! አረንጓዴዎቹ ዋንጫውን በአንድ እጃቸው ያዙት!››

በቴሌቪዥኑ ላይ ቀይ የለበሱት እርስ በርሳቸው ተደራርበው ይተቃቀፋሉ። አባቴ የአረንጓዴዎቹን አሠልጣኝ ማሞገስ ቀጠለ፤ ተቀያሪውን ልጅ ማስገባቱ የብልህ ሥራ ነው አለ። የስታዲየሙ ሰሌዳ እስኪለወጥ ድረስ አላቆመም። ከዚያ በድንገት ጸጥ አለ። ‹‹ይቅርታ›› የሚል ትንሽ ድምፅ ተሰማ። እናቴ እጇን ከጉልበቴ ላይ አላነሣችም ነበር።

‹‹የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም›› አለች አክስቴ፤ ዳንቴሉን መልሳ አለበሰችው።

በማግስቱ የሰፈር ልጆች አዲስ ዘፈን አገኙ። ‹‹ጋሽ ጎል፣ የማን ጎል?›› ሱቅ በር ላይ ግማሹ ‹‹ጠጥቶ ነው››፣ ግማሹ ‹‹ጉቦ አብልተውት ነው›› ይላል። አባቴ እኩለ ቀን ላይ ከሥራ ተመለሰ። እኔ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ አሻንጉሊቴን እያለበስኩ ነበር። ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ፤ ጫማው አፍንጫዬ አጠገብ ነበር።

‹‹ኃላፊው ሰኞ ሐኪም ዘንድ ሄደህ ታይተህ ና ብሎኛል›› አለ።

‹‹ምን ብሎ?››

‹‹ምን ይበል! ደህና ሰው እንዲህ አይሳሳትም አለ። ከታየሁ አለቀልኝ። ወደ መናኸሪያው ነው የምመለሰው፤ እሱም ካገኘሁት።››

‹‹አትታይም።››

‹‹እንዴት ብዬ እንቢ እላለሁ?››

‹‹አንተ ምንም አትልም። እሱን ለኔ ተወው።››

አባቴ፣ ‹‹ደግሞ ምን ልታደርጊ ነው?›› አላት። የጎረቤታችን ባል ሐኪም ዘንድ ሄዶ ታይቶ በሁለተኛው ሳምንት ሞቷል። ስለዚህ አባቴ ሊሞት እንደሆነ ገባኝ። ጠረጴዛው ሥር ድምፄን ውጬ አለቀስኩ፤ አሻንጉሊቷንም ልብሷን መልሼ አወለቅሁባት።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ያንን ቀይ ቀሚሷን ለበሰች። ወገቡ ጠብቧታል፤ ዚፑ ጀርባዋ ላይ እስከ መጨረሻው አልሄደም፣ ላዩ ላይ ሹራብ ደረበች። እጄን ይዛ ወደ ጣቢያው ወሰደችኝ። የኃላፊው ቢሮ መጋረጃው ከባድ፣ ወንበሩ ከፍ ያለ ነው፤ እግሬ መሬት አይደርስም። በጎን ባለችው ክፍል ጸሐፊዋ ትጽፋለች። ኃላፊው መነጽሩን አስተካክሎ፣ ‹‹እሺ እመቤት፣ ምን ልታዘዝ?›› አለ።

እናቴ ወንበሩ ላይ በቅጡ ሳትቀመጥ እሪ አለች።

‹‹ጥፋቱ የኔ ነው ጌታዬ! እኔን ይቅጡኝ! የዚያን ዕለት ጠዋት በር ላይ ይዤ ያላልኩት ነገር የለም። አጠገብህ ማን ሊቀመጥ ነው ያስከለከልከኝ አልኩት፣ ክራቫቱን ይዤ አነቅሁት። እንዲህ ሆኖ የወጣ ሰው ጆሮው ውስጥ የኔ ጩኸት እያለ ጎል ከየት ይታየዋል?››

የጸሐፊዋ ማሽን ቆመ።

‹‹ቢሆንም እመቤት›› አለ ኃላፊው፣ ‹‹እኔ የጠረጠርኩት ዓይናቸውን ነው...››

‹‹ዓይኑን?›› እናቴ ደረቷን መታች። ‹‹ዓይኑማ ደህና ነው! ደህና ባይሆን ኖሮ እኔ መች እቃጠል ነበር? በመንገድ ከሚያልፉ ሴቶች አንዷ አታመልጠውም! ሐኪም ምን ያይለታል፣ እኔን ይጠይቁኝ እንጂ!››

ከጎን ክፍል ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው ሳል ሆነ። ኃላፊው ከንፈሩን ነከሰ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እናቴ ከልቧ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ እንባው ግን አልገደደም። አንገቷ ሥር ድረስ ወረደ።

‹‹እንግዲያው ሐኪም የሚያስፈልጋቸው እሳቸው አይደሉማ›› አለ ኃላፊው፣ ሳቁ እያመለጠው።

‹‹እኔ ነኝ ጌታዬ፣ እኔ ነኝ። ወይ እንደ ድሮው አጠገቡ ልቀመጥ፣ ወይ ከቤት አይውጣ። አለዚያ ደግሞም እንጣላለን፣ ደግሞም ይሳሳታል።››

ሰውየው ወደ መስኮቱ ዞሮ ትከሻው ሲርገፈገፍ አየሁት። ሲመለስ ኮስተር ለማለት ሞከረ። ‹‹መቼስ አንድ ወንበር ምን ይጎዳናል። ብቻ ድምፅ እንዳያሰሙ።››

‹‹ትንፋሼ አይሰማም›› አለች እናቴ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ነገር አንድ ላይ ተሰማኝ። አንደኛው ደስታ ነው፤ አባቴ አይታመምም፣ አይሞትም። ሌላው ውርደት ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት አልተጣሉም። ክራቫቱን ስታስርለት፣ ሲስቁ አይቻለሁ። እናቴ በሰው ፊት ዋሸች፤ ያውም መልሳ ልትጠብቀው። በጸሐፊዋ አጠገብ ስናልፍ ፊቴን በእናቴ ሹራብ ደበቅሁ።

ደረጃው ላይ እናቴ መሐረብ አውጥታ ፊቷን ጠረገች። ከቦርሳዋ መስታወት አውጥታ ራሷን አየች። እንባው የት እንደገባ አላውቅም።

‹‹እማዬ፣ ጠዋት እኮ አልተጣላችሁም›› አልኳት።

‹‹ራበሽ?›› አለችኝ።

በሚቀጥለው ጨዋታ አብረው ወጡ። አክስቴ በራችን ላይ ቆማ ነበር። አባቴ በሷ ፊት የእናቴን ክንድ ያዘ፤ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስም አልለቀቃትም። አባቴ እጅ የሰጠ ሰው መሰለኝና አዘንኩለት። አክስቴም እንደኔ ነው ያሰበችው፤ ‹‹ወንድሜን በቁሙ ቀበረችው›› አለች።

አባቴ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሠራ። ድምፁን ሰምቶ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጡረታ ሲወጣ ጣቢያው ግብዣ አደረገለት፤ ለሱ የእጅ ሰዓት፣ ለእናቴ ደግሞ የእውነት የዘበኛ ባርኔጣ ሸለሙ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ባርኔጣውን አድርጋ ሰላምታ ሰጠች። አባቴ ብቻ አልሳቀም፤ ተነሥቶ እጇን ሳመ። የድምፅ ሠራተኛው ‹‹አሁንም ይፈራታል!›› ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ እንደገና ተጀመረ። እኔም፣ ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ከሳቂዎቹ መካከል ነበርኩ።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሱ በመልካም ይነሣል። የእናቴም አልተረሳም፣ ‹‹ያቺ ቀናተኛዋ›› ይሏታል።

ከሐኪሟ ዘንድ በቀጥታ ወደ እናቴ ቤት ሄድን። ባርኔጣው አሁንም በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ባለቀለም ቴሌቪዥን የገዛችው አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። ጨዋታ ይታያል፤ ቀዮቹና አረንጓዴዎቹ። ልጄ ሮጦ አጠገቧ ተቀመጠ።

‹‹አያቴ፣ ኳሱን የያዘው የትኛው ቡድን ነው?›› አላት።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ‹‹ከየት ነው የመጣችሁት?››

‹‹ዓይን ሐኪም ዘንድ›› አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችኝም። ወደ ልጁ ጠጋ አለችና እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች። አነሣችው። አሳረፈችው። ጣቶቿ በእርጅና ተቆልምመዋል፤ ግን አልዘገዩም። ልጄ መጀመሪያ እጇን አየ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን፣ ከዚያ ሳቅ አለ፤ ‹‹ገባኝ! ሲነካኝ ቀዮቹ ናቸው!››

ቦርሳዬን እንደያዝኩ መሃል ቤት ቆሜ ቀረሁ። ከአክስቴ ጉልበቶች መካከል ጀምሮ የዋጥኩት ሁሉ አፌ ላይ መጣ።

‹‹እማዬ›› አልኳት፣ ‹‹ያን ሁሉ ዓመት ቀናተኛ ሲሉሽ እንዴት ቻልሽው? ቢያንስ ለኔ አትነግሪኝም ነበር?››

‹‹ምኑን?››

‹‹ቀናተኛ እንዳልነበርሽ።››

ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ነቅላ ወደ እኔ ዞረች። እንደ ጅል ነው ያየችኝ።

‹‹አልነበርኩም ያለሽ ማነው?›› አለች። ‹‹በቲኬቱ መስኮት እኔን የተካችውን ልጅ አላየሻትማ! ሁለት ሥራ ነው የሠራሁት የኔ ልጅ፤ በአንድ እጅ።››

ቀዮቹ ኳሷን ነጠቁ። እጇን መልሳ ልጄ ጉልበት ላይ አሳረፈች።